ስሙ የማይጠራው ነፋስ

ባሌ ቱሃሚ ጎህ ሲቀድ ፍየሎቹን ወደ ጭቃ ቤቱ ሲያስገባቸው በመስኮት አየሁት። ፍየል በጠዋት ወደ ውጭ ነው የሚነዳው እንጂ ወደ ውስጥ አይደለም። ፍየሎቹም ግራ ገብቷቸው እየጮሁ ይመለሳሉ፣ እሱ በጉልበቱ ይገፋቸዋል። ቀጥሎ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የድንኳን ካስማ በድንጋይ እየቀጠቀጠ አጠበቀ። የጉድጓዱን አፍ በቆርቆሮ ከድኖ አሮጌ የመኪና ጎማ ጫነበት። በመጨረሻ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሩ ላይ ሰቀለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።

እኔም አልጠየቅሁትም። ወደ ደቡብ ቀና ብዬ አየሁ። የሰማዩ ግርጌ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

ሽሂሊ ሊመጣ ነው ማለት ነው፤ ከትልቁ አሸዋ ተነስቶ የሚመጣው እሳት ነፋስ። አሁን እንዲህ በቀላሉ ስሙን የማነሳው ካለፈ በኋላ ስለማወራ ነው። በከተማችን በዱዝ ከመምጣቱ በፊት ስሙ አይነሳም። አስቀድሞ "ሊነፍስ ነው" ያለ ሰው ሟርተኛ ነው፤ ነፋሱ ከመጣ ደግሞ እሱ ጎትቶ እንዳመጣው ይቆጠራል። ስለዚህ በእኛ አገር አየሩ ሁልጊዜ ደህና ነው። "ነገ እንዴት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ "ደህና ነው፣ ኢንሻአላህ" ይሏችኋል፤ ይህን የሚላችሁ ሰውዬ መስኮቱን በሚስማር እየመታ ቢሆንም።

በረሃውን ሊያዩ ከውጭ አገር የሚመጡት መንገደኞች ይህን ከየት ያውቁታል? እነሱ ስለ በረሃ የሚያውቁት ሙቀቱን ብቻ ነው። በታኅሣሥ ቁምጣ ለብሰው ይመጡና ሌሊት ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ያድራል፤ ጠዋት የልጄን ካባ ደርበው ፎቶ ይነሳሉ። በየካቲትና በመጋቢት ይመጡና ዓይናቸው አሸዋ ሲሞላ የአገራቸውን ስድብ ያስተምሩናል። ሚያዝያ ሲጋመስ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ እኛም ግመሎቻችንን እንለቃቸዋለን። ሐምሌና ነሐሴን ያለ ጠባቂ ሲግጡ ይከርሙና ተምሩ ሲደርስ ወንዶቹ ሄደው ይፈልጓቸዋል። እስከዚያ ድረስ እዚህ የሚቀረው ዝንብና እኛ ነን።

ሃሊና የመጣችው አብዛኞቹ ከሄዱ በኋላ፣ ግመሎቹን ገና ሳንለቅ ነው። ከፖላንድ ነች፤ ዕድሜዋን በሙሉ የከተማ ባቡር ስትነዳ ኖራ በቅርቡ ጡረታ የወጣች፣ ትከሻዋ የወንድ የሚያክል ሴትዮ። ወደድኳት። የሰጠኋትን ሁሉ ትበላለች። የበርበሬውን ድልህ በማንኪያ ስትልስ ቱሃሚ እንኳ ሳቀ፤ እሱ ደግሞ ሲስቅ የሚታይ ሰው አይደለም። አንድ አመል ግን አላት፤ በየጠዋቱ ጫማዋን ሳታስር ስለ አየሩ ትጠይቃለች። ልጄ ዳው እንደነገረኝ ባቡር ስትነዳ የለመደችው ነው። እነሱ አገር በረዶ ሲጥል ሐዲዱ ያንሸራትታልና ሳይጠይቁ አይነዱም።

ዳው ከአራት ሴቶች በኋላ ያገኘሁት አንድ ወንድ ልጄ ነው። መንገደኞችን ይዞ አሸዋው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። በዚያ ጠዋትም ግመሎቹን ጭኖ ሃሊናን ይዞ ሊወጣ ደጅ ቆሟል፤ አሸዋው ውስጥ አድረው በሦስተኛው ቀን ሊመለሱ ነው። ሃሊና እንደ ልማዷ ጫማዋን ሳታስር ዞራ ቱሃሚን አየችውና አንድ ነገር አለች።

"አባ፣ አየሩ እንዴት ነው ትላለች" አለ ዳው።

ቱሃሚ ጢሙን ዳበሰ። ወደ ደቡብ አላየም፤ ጫማዋን ነው የሚያየው።

"ደህና ነው በላት። ኢንሻአላህ፣ ደህና ነው።"

ሃሊና ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ስልኩ ላይ ትንሽ የፀሐይ ሥዕል አለ፣ ጨረር ያላት፣ የምትስቅ የምትመስል።

"ስልኩም እንደዚያ ይላል" አለ ዳው እየሳቀ። "ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልክ ጋር ተስማማህ አባ።"

ቆሽቴ አረረ። ለፍየሎቹ የነገራቸውን ለገዛ ልጁ አልነገረም! እኔስ ለምን ዝም አልኩ? እንግዳ ፊት ነዋ። እንግዳን ደጅ ላይ አቁሞ "ነፋስ ሊመጣ ነው" ማለት "ከቤቴ ውጪልኝ" ከማለት አይለይም። በዚያ ላይ እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ ምላሴ ሌላ ጊዜ አያርፍም፣ ለዚህ ግን አይፈታም። ደግሞም ጉብታው አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጉብታው የምንለው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ያለ የአሸዋ ኮረብታ ነው። ከከተማው ከወጡ በኋላ ስልክ የሚሠራው አናቱ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግመልና አላህ ብቻ። የግመል ሰዎች ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ቆመው ለቱሃሚ ይደውላሉ፤ ጣሪያችን ከፍ ያለ ነው፣ የእሱ ዓይን ደግሞ ይታመናል። እሱ ክፉ አይናገርም። ሰማዩ ደህና ከሆነ "ደህና ነው" ይላል። ካልሆነም "ደህና ነው" ይልና "ውሃ በደንብ ይዛችኋል?" ብሎ ይጨምራል። ይህን ሲሰሙ ትልልቆቹ ምንም ሳይሉ ግመላቸውን ወደ ቤት ያዞራሉ። እንግዳው "ለምን ተመለስን?" ሲል ግመሉን እግሩን አሞታል ይሉታል። ዱዝ ውስጥ እግሩን አሞት የማያውቅ ግመል የለም።

ከሄዱ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን ጠረግሁ፤ ደግሜ ጠረግሁ። ኩስኩሱን እንፋሎት ላይ ጥጄ ረሳሁትና ድስቱ ውሃው አልቆ መሽተት ጀመረ። ወጣሁ፣ ገባሁ። በአጥሩ ላይ አንገቴን ባሰግግ ጎረቤቴ ሳልሓ የዶሮ ቤቷ ጣሪያ ላይ ወጥታለች።

"ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?"

"እኔ? ምንም! ቆርቆሮውን በሽቦ እያሰርኩ ነው።"

"ለምን?"

"እንዲያው ዝም ብዬ። አየሩ እንደሆነ ደህና ነው።"

"ደህና ነው" አልኳት እኔም።

"ኢንሻአላህ" አለችና ሌላ ሽቦ ጨመረችበት።

መንገዱም ያው ነው። ባለሱቁ ውጭ የደረደረውን ዕቃ እየተሸከመ ያስገባል፤ ሴቶች እርጥብ ልብስ ከገመድ ላይ ያወርዳሉ። ሁሉም ሰላም ይባባላል፣ ሁሉም ደህና ነው ይላል። መጮህ አማረኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አፉን ሞልቶ "ልጆቻችን ውጭ ናቸው!" ቢል ምን ነበረበት?

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቱሃሚ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ ጭኑ ላይ ነው። ቢጫው አሁን ቡናማ ሆኗል፤ ወፍራምም ሆኗል። ነፋስ የሚባል የለም፤ ቅጠል አይነቃነቅም፣ ዝንቦቹ ብቻ እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ። ሳልሓም ፒንሳ ልትዋስ ተከትላኝ ወጣች። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ቱሃሚ ጆሮው ደከም ስላለ የስልኩን ድምፅ ለቀቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

"አባ! ጉብታው ላይ ነን። ሃሊና እንደ ፍየል ነው የምትወጣው፤ እኔን ጥላኝ ሄደች። ከዚያ ምን ይታይሃል?"

ቱሃሚ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደህና ነው ልጄ። ደህና ነው። ውሃ በደንብ ይዛችኋል?"

አላህ ይስጥህ አልኩ በልቤ፣ ነገረው!

"ሞልቷል አባ!"

"በደንብ ነው ወይ የምልህ፣ ውሃ?"

"ኧረ አባ፣ ሁልጊዜ ውሃ፣ ውሃ! ሞልቷል አልኩህ እኮ። በል እንግዲህ ልንወርድ ነው።"

ልጄ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ለሌላው የግመል ሰው ይህ ጥያቄ የቱሃሚ ጥያቄ ነው፤ ለዳው ግን የአባቱ ጭቅጭቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄድ "ውሃ ይዘሃል?"፣ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ "ውሃ ይዘሃል?" እየተባለ ያደገ ልጅ እንዴት ብሎ ይግባው? ቱሃሚ ስልኩን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። አላስቻለኝም። ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት።

"ዳው! ተመለስ! ሽሂሊ እየመጣ ነው! ሰማዩ ጠቁሯል፣ አሁኑኑ ተመለስ! ትሰማኛለህ? ሽሂሊ ነው!"

ፒንሳው ከሳልሓ እጅ ወደቀ።

"አኡዙ ቢላህ! ፈጅራ! ምነው ባታሟርቺ!" አለችኝ።

"እማ" አለ ዳው በስልኩ ውስጥ፣ "አባ እኮ ደህና ነው ብሏል፣ አንቺ ደግሞ..."

ተቋረጠ። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ መስመሩ የለም። ከጉብታው ወርደዋል ማለት ነው። ወደዚህ ይውረዱ ወደዚያ ግን በምን አውቃለሁ?

ሳልሓ ፒንሳውን እንኳ ሳታነሳ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ቱሃሚ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

"ምን አደረግሽ?"

"ያየኸውን ተናገርኩ።"

"እኔ ነግሬዋለሁ።"

"ምን ብለህ ነው የነገርከው?"

"ውሃ ይዛችኋል ወይ ብዬ።"

"አንተ ሰውዬ! ልጅህ እኮ ነው! ለልጅህ እንኳ ግልጥ አድርገህ ብትነግረው ምን ነበረበት?"

"ፈጅራ፣ አፍሽን ያዢ። አንቺ አታውቂም።"

አውቃለሁ። የሚያስበው ወንድሙን መብሩክን ነው። እኔ ሳላገባው በፊት፣ ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ፣ መብሩክ በዚህ ወር የጠፋ ግመል ፍለጋ ሊወጣ ሲል ቱሃሚ ደጅ ላይ ቆሞ "አትሂድ፣ ይህ ነፋስ ይበላሃል" አለው። ሰው ሁሉ ሰምቷል። መብሩክ ስቆበት ሄደ፤ ቀረ። አስከሬኑን እንኳ አላገኙትም። ሐዘን ላይ እናታቸው በሰው ፊት "በአፍህ ነው የቀበርከው" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱሃሚ የወንድሙን ስም ጠርቶ አያውቅም፤ ስለ ሰማይ ክፉ ተናግሮም አያውቅም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእህቶቹ ነው፤ ከእሱ አፍ አንድም ቀን አልሰማሁም። አዝንለታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አላዘንኩለትም፤ ይልቅስ አንገቱን ይዤ ብነቀንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

"ተነስ እንከተላቸው" አልኩት።

"መከተልም መናገር ነው።"

"እሺ አንተ ተቀመጥ!"

ወርጄ ወደ ሳልሓ ቤት ሄድኩ። ባሏ ፒክ አፕ መኪና አለው።

"ወደ ጉብታው ውሰደኝ" አልኩት።

"ለምን? ምን ተፈጠረና?" አለኝ፣ ሞተሩን በብርድ ልብስ እየሸፈነ። "ደህና እኮ ነው።"

ልሰድበው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሳልሓ ከበስተኋላው ቆማ ጠንቋይ እንዳየች ሁሉ ታየኛለች። ወጣሁ። በእግሬ ልሂድ? እስከ መጨረሻዎቹ የተምር ዛፎች ሄጄ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ዶሮዎች በቀን ወደ ቆጣቸው ሲገቡ አየሁ፤ ውሾች ግድግዳ ሥር ተጠቅልለዋል። ጠምቶኛል፤ ግን እነሱ የያዙትን ውሃ እያሰብኩ ውሃ አልጠጣሁም።

የከሰዓት በኋላው ሶላት እንደተሰገደ ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው፤ ከሩቅ የጭነት መኪና የሚመጣ ይመስላል። ቀጥሎ የምድጃ በር እንደተከፈተ ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ፤ ቀጥሎ ፀሐይዋ ቀላች፣ ጠፋች። አሸዋው በበሩ ስንጥቅ፣ በመስኮቱ፣ በቁልፉ ቀዳዳ ገባ። የረጠበው ጆንያ እንደ ቆዳ ደርቆ በሩን ይደበድባል። ቱሃሚን ፈለግሁት። ጣሪያ ላይ የለም። ጭቃ ቤቱ ውስጥ ከፍየሎቹ ጋር የለም። ትልቁ የኩስኩስ ድስትም የለም።

ሻሼን ፊቴ ላይ ጠምጥሜ ወጣሁ። ከተምሩ ቦታ በኩል አንድ ነገር ይሰማኛል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በዛፎቹ መካከል እየተደናቀፍኩ ድምፁን ተከተልኩ። ቱሃሚ የመጨረሻው ዛፍ ጋ፣ አሸዋው የሚጀምርበት ላይ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ቆሟል። ድስቱን በድንጋይ ይመታል። ጥምጣሙ ተፈትቶ አንገቱ ላይ ይውለበለባል፣ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል፣ እጁ ግን አያቋርጥም። አጠገቡ ሄጄ ክዳኑን ከመሬት አነሳሁና እኔም መታሁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ክንዴ ግን ለብዙ ቀን አመመኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የግመል አንገት ነው፤ ከአቧራው ውስጥ አንገት ብቻ ወጣ። ከዚያ ሃሊና፣ ጭንቅላቷን በብርድ ልብስ ሸፍና የግመሉን ገመድ እጇ ላይ ጠምጥማ። ከኋላዋ ልጄ። ፊቱ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ዓይኑ ብቻ ቀይ። ያዝኩት። መታሁትም መሰለኝ። አቅፌው እየጮህኩ ጀርባውን በጡጫዬ ስደበድበው "እማ፣ እማ፣ ቆይ" ይለኛል።

ቤት ገብተን በሩን በሣጥን ደገፍነው። ሃሊና ዓይኗን በሻይ ውሃ ታጠበች፣ ሳለች፣ ተፋች፣ ከዚያ ተምር ስጡኝ አለችና በላች። ዳው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ቀና ብሎ አያየኝም።

"እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቀጥል ነበር።"

"እኔ እያልኩህ?"

"አባ ደህና ነው ብሎኛል። አንቺ ደግሞ... ሁልጊዜ ትፈሪያለሽ አልኩ። ሃሊና 'ይህቺ ማን ናት?' አለችኝ። እናቴ ናት አልኳት። 'ምን እያለች ነው?' አለችኝ። እንግዳ ናት፣ እንዴት ብዬ እንደዚያ ዓይነት ነገር እነግራታለሁ? ውሃ ጠጡ እያለች ነው አልኳት።"

ሃሊና ስለ እሷ እንደሚወራ ገባትና በእጇ ጆሮዋን ነክታ አንድ ነገር አለች።

"እና?" አልኩት። "እሷ ምን አለች?"

"ለውሃ እንዲህ አይጮህም አለች።" ዳው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ግመሉን ራሷ አዞረችው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። መንገዱን በሙሉ አኩርፌ ነው የተከተልኳት። ልክ ዛፎቹ ሲታዩን ከኋላ መጣብን። ቀጥለን ቢሆን እማ፣ ያኔ የት ነበር የምንሆነው?"

ቱሃሚ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ድስቱ አሁንም እጁ ላይ ነው። ልጁን ያየዋል። ተመልሶ ወጣና ግመሎቹ ጋ ሄደ።

ጠዋት ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር፤ ሰማዩ ግን ገና ድፍርስ ነው። የሳልሓ የዶሮ ቤት ቆርቆሮ፣ ያ ሁሉ ሽቦ እያለው፣ መስጊዱ ግድግዳ ሥር ተገኘ። ከዶሮዎቿም የጠፉ አሉ። በራችን ላይ መጥታ ቆመች፤ ባሏም አለ፣ ባለሱቁም፣ የግመል ሰዎቹም፣ ሌሎች ሴቶችም።

"ፈጅራ፣ ደስ አለሽ?" አለችኝ። "ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ጠርተሽ አመጣሽው። ጎረቤት እንዲህ ይደረጋል?"

"ልጄን ነው የጠራሁት።"

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ስሙን ሁለቴ ነው የጠራሽው! እኔ ዶሮዎቼ፣ ሌላው ተምሩ፣ ያ ምስኪን የግመል ሰው ደግሞ ድንኳኑ ሄደበት። አፍሽ ይታሰር!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን ዛልኩ። እውነትም ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያዩኝ፤ ትናንት ዳቦ የተካፈልናቸው ሴቶች። ቱሃሚ ግቢው ውስጥ የግመሉን ዓይን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ ነው። ጨርቁን ጣለና መጣ። ከፊቴ ቆመ።

"እሷ አይደለችም" አለ።

"ሐጂ፣ እርስዎ እንኳ አይግቡበት" አለች ሳልሓ። "እርስዎ ደህና ነው ብለው ነበር።"

"ውሸቴን ነው። ጎህ ሲቀድ አይቼዋለሁ። ፍየሎቼን አስገባሁ፣ ልጄን ላክሁት። እሷ ባትጮህ ዛሬ የምትመጡት ለለቅሶ ነበር።"

ዳው ከቤት ወጥቶ ከአባቱ ጎን ቆመ።

"አባ" አለው ቀስ ብሎ፣ "ነገስ?"

ቱሃሚ ወደ ደቡብ ዞረ። ሰው ተሰብስቦ እያየው እንዲህ ፊቱን አዙሮ ሰማይ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ቢጫው አሁንም ከታች ተኝቷል። ላብ በጆሮው ሥር ወረደ። የሚናገር አልመሰለኝም፤ እንደ ትናንትናው ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በኋላ ግን ወጣው።

"ነገ ይነፍሳል። ሽሂሊ ነው፣ ከትናንቱ የባሰ። ማንም ሰው ማንንም ይዞ እንዳይወጣ።"

ሳልሓ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ባለሱቁ "አስታግፊሩላህ" እያለ ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ጀርባቸውን እየሰጡን፣ ተበተኑ። ከተማ ውስጥ የቀሩ ጥቂት እንግዶች ሊወጡ አስበው ነበር፤ የግመል ሰዎቹ እየተማረሩም ቢሆን ሁሉንም አስቀሩ። ቱሃሚ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ማታም እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በሩን ያዳምጣል። "ዳው ተኝቷል?" ይለኛል። "ተኝቷል" እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል።

ጠዋት ስነቃ አጠገቤ የለም። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከባሕር በኩል ቀዝቃዛ አየር ገብቷል። ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ደመና የለ፣ አቧራ የለ፣ የተምሩ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጠዋት ጥቂት ነው። ቱሃሚ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ወደ ደቡብ ያያል።

ታች መንገዱ ላይ የግመል ሰዎቹ ተሰብስበዋል።

"ሐጂ! ነፋሱ መንገድ ጠፍቶበት ነው እንዴ?"

"ምናልባት ግመሉን እግሩን አሞት ይሆናል!" አለ ሌላው፤ ሁሉም ሳቁ። የሳልሓ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

ተናደድኩ። ወርጄ ልሞልጫቸው ስነሳ ቱሃሚ ቀሚሴን ያዘኝ። ዞሬ ሳየው የተናደደ ሰው ፊት አይደለም።

"ፈጅራ" አለኝ። "ተናገርኩት።"

"ተናገርከው።"

"በሰው ሁሉ ፊት። ስሙን ጠርቼ። ከትናንቱ የባሰ ነው አልኩ።"

"አዎ፣ ብለሃል።"

"አልመጣም።"

"አልመጣም" አልኩት፣ ገና ሳይገባኝ። ከዚያ ገባኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ክፉውን ተናገርኩት፣ አልመጣም" አለ እንደገና፣ ለእኔ ሳይሆን ከፊቱ ላለው ሰማይ የሚነግር ይመስል። "እንግዲያው መብሩክንም በአፌ..."

የወንድሙን ስም ከእሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አልጨረሰውም። ከታች አሁንም ይሳለቁበታል፣ እሱ ግን አልሰማቸውም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እያለቀሰ ነበር፤ እኔም ከጎኑ ሆኜ አብሬው አለቀስኩ።